ከጂንካ ለጉዞ ስትወጡ መፋቂያችሁን አትርሱ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ ሰብሰብ ብለን ከምናወራቸው ነገሮች አንዱ የጉዞ ወሬ ነው። አንዱ «ማጎን አይተን እንምጣ» ይላል፤ ሌላው «ቱርሚ አድረን እንመለስ»፤ ሦስተኛው ደግሞ «ገንዘብ ከሌለን ነሪ ወንዝ ዳር ምሳ እንብላ» ይላል። ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈትና ዝርዝሩ ይጻፋል፦ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ምንጣፍ፣ ኳስ፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ብስኩት በካርቶን። ሁሉም ይዋጣል፣ ሁሉም ይደሰታል።

ከዝርዝሩ ውስጥ ግን ሁልጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ እሱም አፋችን ነው። መፋቂያ ወይም የጥርስ ብሩሽ ብሎ የሚጽፍ የለም። «ከመካከላችን ጥርሱን የሚያመው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም የለም።

ቀላል ነገር ይመስላል። ጂንካ ከተማ ውስጥ ሆነን ጥርሳችንን ቢያመን ባጃጅ ይዘን ወደ ሕክምና እንሄዳለን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቱርሚ ሆነን ቢያመንስ? ወይም ማጎ ፓርክ ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ? የአንድ ሰው መንጋጋ በአንድ ሌሊት የ12 ሰው ጉዞ ሊያቋርጥ ይችላል። መኪናው ይመለሳል፣ የተዋጣው ገንዘብ ይባክናል። ከሁሉም በላይ አንድ ወንድማችን ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ እስኪነጋ ሲሰቃይ ያድራል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ስለዚህ በዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን ሁለቱን አብረን እንመልከት፦ የጀማዓ ጉዞን እንዴት እንደምናቅድ፣ በጉዞ ላይ ደግሞ ጥርስና ድዳችንን እንዴት እንደምንጠብቅ።

◆ መጀመሪያ አሚር ይኑራችሁ

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር እንዲያደርጉ አዘዋል፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። አሚርነት ሹመት ሳይሆን አማና ነው። አሚሩ በመኪናው ፊት ለፊት መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው ማለት አይደለም። ሌሎቹ ሲዝናኑ «የጎደለ አለ? የታመመ አለ? የቀረ አለ?» እያለ የሚያስብ ሰው ነው።

በደቡብ ኦሞ ለጉዞ የሚነሳ አሚር አስቀድሞ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ወቅቱ፦ በአካባቢያችን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢም ይመለሳል። በዝናብ ጊዜ የማጎ ቆላ ጥቁር አፈር መኪና ይዞ ያስቀራል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ለጉዞ የተሻለ ነው።

ወንዙ፦ ወንዝ ዳር ድንኳን አትትከሉ። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ወንዝ በደጋው ዝናብ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸውን አንርሳ። ሲመሽ ዝቅ ብሎ የሚታይ ወንዝ ሲነጋ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መንገዱና ፈቃዱ፦ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ሰፊ የዱር እንስሳት መኖሪያ ነው፤ ዝም ብሎ የሚገባበት ጫካ አይደለም። መግቢያ ተከፍሎ፣ የፓርኩን ስካውት ይዞ ነው የሚገባው። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም ከሚመለከታቸው አካላት ጠይቁ። ቆላው ወባ ስላለበት ለአዳር አጎበር ያዙ። የጸጸ ዝንብም አለ፤ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ስለሚስበው ፈዘዝ ያለ ቀለም ልበሱ።

ሶላቱ፦ ብዙዎቹ ዑለሞች ሶላት ለማሳጠር የሚያበቃውን ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርጉታል። በዚህ መሠረት ከጂንካ ማጎ ደርሶ የሚመለስ ሰው አያሳጥርም። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቱርሚ የሚሄደው ግን ሙሳፊር ነው። ዝርዝሩን ከመነሳታችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ።

ይህንን ሁሉ ያሰበ አሚር አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፦ የሰዎቹ ጤናስ? እዚህ ላይ ነው ጥርስ የሚመጣው።

◆ በአፋችን ውስጥ ምን ይሠራል?

ምላሳችሁን ጠዋት ስትነሱ በጥርሳችሁ ላይ ብታሳልፉ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ። ይህ ሽፋን በውስጡ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ይኖርበታል። እኛ ጣፋጭ ነገር ስንበላ ባክቴሪያዎቹም ይበሉና አሲድ ያመነጫሉ። አሲዱ የጥርስን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ምራቃችን ደግሞ አሲዱን እያጠበ ጥርሱን ይጠግናል፤ ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። በየሩብ ሰዓቱ ከረሜላ ወይም ለስላሳ የሚቀምስ ሰው ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም። ስለዚህ ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ አፋችን እንደገባ ጭምር ነው።

ሽፋኑ ሳይጸዳ ሲቆይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና በድድ ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። ብዙዎቻችን ደም ስናይ «ድዴ ተጎዳ» ብለን መፋቅ እናቆማለን። ትክክሉ ግን ተቃራኒው ነው። ድድ የሚደማው በአብዛኛው ስላልጸዳ ነው፤ በርጋታ ማጽዳቱን ስንቀጥል ይድናል። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

በ1965 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ አርሁስ ከተማ የተደረገ አንድ ታዋቂ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ጤናው ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሦስት ቀን ጉዞ ብቻውን ጥርስ አያረግፍም። ሁለተኛ፣ በጉዞ የተቋረጠ ልማድ ከጉዞ በኋላም ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ድድ ግን ለመታመም ብዙ አይጠብቅም። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው። ከቤት ስንወጣ ብሩሹ የሚሰቀልበት ግድግዳ የለም፣ ቧንቧው የለም፣ የመኝታ ሰዓቱም ተቀይሯል። ልማዱን የያዘው ነገር ሁሉ ከቤት ቀርቷል ማለት ነው።

ከቤት የማይቀር፣ አብሮን የሚጓዝ ነገር ግን አለን። ሶላት!

◆ ሲዋክ ከሶላት ጋር ይጓዛል

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኡመታቸው ላይ የሚከብድ ባይሆን ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀሙ ባዘዟቸው ነበር፤ ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሲዋክ ለአፍ ንጽሕና፣ ለጌታ ደግሞ መወደጃ እንደሆነም አስተምረዋል። ሌሊት ሲነሱ አፋቸውን በሲዋክ ይፍቁ እንደነበር ሑዘይፋ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ቤታቸው ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ሲዋክ መጠቀም እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል። በጁሙዓ ቀንም ከገላ መታጠብና ከሽቶ ጋር ሲዋክ ተወስቷል።

እንግዲህ አስተውሉ! የሌሊቱን ብንወስድ፣ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው የሚበረታው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ወደ ቤት መግባቱን ብንወስድ፣ ከውጭ ስንመጣ ቀድመው የሚያገኙን ቤተሰቦቻችን ናቸው። የጁሙዓውን ብንወስድ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የምንቆምበት ቀን ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይም ቀይ ሽንኩርት ጥሬውን የበላ ሰው ወደ መስጊድ እንዳይቀርብ የተነገረውም ሌላውን በሽታው እንዳያስቸግር ነው። የአፋችን ነገር የራሳችን ብቻ አይደለም፤ የጎረቤታችንም ሐቅ አለበት። በሚኒባስ ውስጥ ለስድስት ሰዓት አጠገባችሁ የሚቀመጠው ወንድማችሁ ደግሞ የቅርብ ጎረቤታችሁ ነው።

ስለዚህ በጉዞ ላይ ሲዋኩን ከውዱእ ጋር እሰሩት። ሙሳፊር ሆናችሁ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ብታጣምሩ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀራችኋል። ምንም ማስታወሻ አያስፈልግም፤ አዛኑ ራሱ ያስታውሳችኋል።

◆ መፋቂያ አያያዝ

የአራክ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ ይባላል። በሀገራችን ደረቅ ቆላማ አካባቢዎችም ይበቅላል። ከእሱ ሌላ ወይራና ልምጭ በኢትዮጵያ የታወቁ የመፋቂያ እንጨቶች ናቸው። በሐመርም ሆነ በሌሎች የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ዘንድ መፋቂያ በአፉ ይዞ የሚሄድ ሰው ማየት የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1986 እ.ኤ.አ. መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ይሁን እንጂ በትክክል ካልተያዘ ድድ ያቆስላል። እነዚህን ልብ በሉ።

1. ከማታውቁት ዛፍ አትቁረጡ። መርዛማ ወተት ያላቸው ዛፎች አሉ። ፓርክ ውስጥ ደግሞ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ከጂንካ የቅዳሜ ገበያ ወይም ከመንገድ ሻጭ ገዝታችሁ ያዙ።

2. ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ልጣችሁ፣ እንደ ብሩሽ እስኪበተን ድረስ አኝኩት። ከደረቀ ትንሽ ውኃ ውስጥ አቆዩት።

3. ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ አቅጣጫ በርጋታ ፍቁ። እንደ መጋዝ ወደ ጎን መግፋት ድድን ይገፋል። ሁላችንም የፊት ጥርስ ላይ እንበረታለን፤ የሚቦረቦረው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንጋጋ ነው። የውስጥ በኩሉንና ኋላውን አትርሱ።

4. ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጣችሁ አዲስ ጫፍ አውጡ። በኪስ ውስጥ ከብርና ከቁልፍ ጋር አታንከራትቱት፤ በንጹህ ነገር ጠቅልሉት።

5. የየራሳችሁን ያዙ።

መፋቂያ ቢኖርም የጥርስ ሳሙናን አትተዉ። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና የጥርስን ልባስ ያጠነክራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ መጠቀም ይመከራል። አንደኛው ከመኝታ በፊት ይሁን። ከዒሻ በኋላ፣ የሚበላው ሁሉ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ጥርሳችሁን ሁለት ደቂቃ ያህል ቦርሹና አረፋውን ትፉት። ከዚያ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ፤ ትንሹ ቅሪት ሌሊቱን ጥርሳችሁን ይጠብቃል። ይህ በተለይ ለጉዞ ይመቻል፤ የጀሪካኑ ውኃ ይቆጠባል። የምትጠቀሙበት ውኃ ግን ለመጠጥ የሚሆን ንጹህ ውኃ ይሁን፤ የወንዝ ውኃ ወደ አፋችሁ አታስገቡ።

◆ የስንቁ ነገር

ብዙውን ጊዜ የጉዞ ስንቃችን ስኳር ነው። ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ጣፋጭ ሻይ። የአካባቢያችን ማርም አለ። ማር በረከት ያለው ምግብ ነው፤ ለጥርስ ግን እሱም ስኳር ነው። ቴምርም እንዲሁ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። አትብሉ አይደለም የሚባለው። ከምግብ ጋር በአንድ ጊዜ ብሉት፣ ከዚያ በውኃ ተጉመጥመጡ፣ ቀኑን ሙሉ እየቆነጠራችሁ አትዋሉ።

በምትኩ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ካሮት፣ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል መያዝ ይቻላል። ቆሎውን ግን ከጠጠር አጽዱት፤ አንዲት ጠጠር መንጋጋ ትሰነጥቃለች። ከሁሉም በላይ ውኃ ጠጡ። በቆላው ሙቀት አፍ ሲደርቅ ጥርስ ጠባቂውን ያጣል። ውኃ ሲጠማን ለስላሳ መጠጣት ደግሞ በደረቀ አፍ ላይ ስኳርና አሲድ መጨመር ነው።

አንድ ልማድም እንተው። የለስላሳ ክዳን በጥርስ መክፈት ጉብዝና አይደለም። አላህ የሰጠን ጥርስ መክፈቻ አይደለም፤ ከተሰነጠቀም መልሶ አይበቅልም። መክፈቻ በዝርዝሩ ላይ ጻፉ። ጫትና ሲጋራም ድድን እንደሚጎዱ ይታወቃል፤ ጉዞ የሚጀመርባቸው ሳይሆን የሚተዉባቸው አጋጣሚ ይሁን።

◆ አደጋ ቢደርስ

ኳስ ጨዋታ ላይ፣ ከድንጋይ ላይ ሲንሸራተት፣ መኪናው ሲነጥር ጥርሱ የሚወልቅ ሰው ሊኖር ይችላል። የወለቀ የአዋቂ ጥርስ ብዙ ጊዜ ሊድን እንደሚችል የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ሁላችሁም ይህን ያዙ።

ጥርሱን ፈልጉት። ነጩን ክፍል ብቻ ያዙ፤ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈትጉት። ከቆሸሸ በንጹህ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አጥቡት። ሰውየው ራሱን ካልሳተ ወዲያውኑ ወደ ቦታው መልሱትና ንጹህ ጨርቅ አስነክሱት። መመለስ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ክተቱት፤ ደቡብ ኦሞ የከብት አገር ነው፣ ወተት አይጠፋም። ወተት ከሌለ በራሱ ምራቅ ውስጥ ይቆይ። በሶፍት ጠቅልሎ ማድረቅ ጥርሱን ይገድለዋል። ከዚያ በፍጥነት ወደ ሐኪም! በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው የተመለሰ ጥርስ የተሻለ ዕድል አለው። ከማጎ ጂንካ ለመድረስ ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል እዚያው መመለሱ ነው ዋናው። አብረዋችሁ የወጡ ሕፃናት የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

ጥርስ ላመመው ሰው አስፕሪን ድዱ ላይ አታስቀምጡ፤ ድዱን ያቃጥላል። በሞቀ የጨው ውኃ ይጉመጥመጥ፣ ፓራሲታሞል በመመሪያው መሠረት ይውሰድ። ቅርንፉድ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ የተቦረቦረውን ግን አይደፍንም። ፊቱ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም መዋጥና አፉን መክፈት ካቃተው ግን ጉዞው እዚያው ያብቃ። ኢንፌክሽኑ ወደ አንገት ወርዶ ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። «ነገ እንሄዳለን» አይባልም።

◆ የሰውን ጥርስ አትመልከቱ

ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ ገበያ ይውላል። እዚያ ከእናንተ የተለየ ልብስ፣ የተለየ ጌጥ፣ የተለየ የጥርስ ሁኔታ ያለው ሰው ታያላችሁ። የከንፈር ሸክላ የሚያደርጉ የሙርሲ ሴቶች የታች የፊት ጥርሳቸውን ያስወጣሉ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ስላለበት በልጅነታቸው ጥርሳቸው ቡናማ የሆነባቸው ብዙ ወገኖች አሉ። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም፤ በአሸዋ ወይም በከሰል ቢፍቁትም አይለቅም፣ ልባሱን ከመፋቅ በቀር። በማንም አትሳቁ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። እናንተ እንግዶች ናችሁ፤ እንግዳ በፈገግታ ይገባል፣ ቆሻሻውን በፌስታል ይዞ ይወጣል። ለወንድም ፈገግ ማለት ሶደቃ መሆኑንም አንርሳ።

◆ ለአሚሩ የሚሆን ማጠቃለያ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት በግሩፑ ላይ ጠይቁ፦ ጥርሱን የሚያመው፣ ቀዝቃዛ ነገር የሚጠዘጥዘው፣ ድዱ የሚደማ አለ? ካለ ጂንካ ላይ ጥርስ ወደሚታይበት የጤና ተቋም አሁኑኑ ይሂድ። ገንዘብ ካነሰው ከጉዞው መዋጮ ቀንሳችሁ አግዙት፤ ከአንድ ሳጥን ለስላሳ ይልቅ አጅሩ ይበልጣል ኢንሻአላህ። እህቶችም በየራሳችሁ ጀማዓና ከቤተሰብ ጋር ስትወጡ ይህንኑ አድርጉ።

በዝርዝሩ ላይ ጨምሩ፦ ለእያንዳንዱ ሰው መፋቂያ፣ ብሩሽና ትንሽ የጥርስ ሳሙና፣ ለአፍ የሚሆን ንጹህ ውኃ፣ ጨው፣ ፓራሲታሞል፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ክዳን መክፈቻ። የአንድ ሐኪም ስልክ በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይመዝገብ።

ወንድሞችና እህቶች! ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወታቸው ሊያልፍ ሲል፣ ያ ሁሉ ሕመም እያለባቸው፣ ሲዋክ አይተው ፈለጉ፤ ዓኢሻም (ረ.ዐ) አለስልሳ ሰጠቻቸውና ፋቁ። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። በዚያ ሰዓት ያልተተወ ሱና በሦስት ቀን ሽርሽር አይተው። ሰውነታችን በኛ ላይ ሐቅ አለው፤ አፋችን ደግሞ ቁርኣን የምንቀራበት፣ ዚክር የምናደርግበት፣ ወንድማችንን ሰላም የምንልበት ነው።

አላህ ጉዟችሁን ያግራላችሁ፣ በሰላም አውጥቶ በሰላም ይመልሳችሁ። ለጉዞ የሚሰናዳ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አድርሱት።